የቦራ ጭራ

መምህር ቸኮል በዕድሜው አንድ ውሸት ብቻ ዋሸ ብል እኔም ዋሾ እሆናለሁ። ትልቁ ግን አንድ ነበር። በ1949 ዓ.ም. መካኒሳ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ሊቀጠር ሲመጣ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሁንዴሳ ከላይ እስከ ታች አይተው "የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

"የመርጌታ ልጅ ነኝ" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አባቱ አዝማሪ ነበሩ። ደብረ ታቦር አካባቢ ከሠርግ ሠርግ እየዞሩ፣ ማሲንቆ እየመቱ ነው ያሳደጉት። የዚያ ዘመን ሰው አዝማሪ ሲዘፍንለት በደስታ ይሰክራል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ልጁን አይድርለትም። ቸኮል ይህን ስለሚያውቅ አባቱን በአንድ ቃል ካህናት መሃል ቀላቀላቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢሰሙ በግጥም ይገርፉት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ተከብሮ ኖረ። በየድግሱ "የመርጌታ ልጅ፣ ማዕድ ባርክልን" ይሉታል፤ እሱም ይባርካል።

ሥራው ፊደልና ሒሳብ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ መዝሙር። አንድ ዓርብ ልጆቹን ሰብስቦ ዜማ ከየት እንደመጣ ይነግራቸው ጀመር። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ እንደተመለሰ፣ ኋላም ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉትን ዜማዎች እንዳወጣ ተረከላቸው። የባለ ሱቁ የሸምሱ ልጅ ኑሪ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ታዲያ አያቴ መንዙማውን ከየትኛዋ ትል ተማሩት?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቸኮልም ሳቀ። መልስ ያጣ መምህር የሚያደርገውን አደረገ፦ የቤት ሥራ ሰጠ። "በሚቀጥለው ዓርብ ሁላችሁም የቤታችሁን ዜማ ይዛችሁ ኑ" አላቸው።

ይዘው መጡ። ኑሪ የአያቱን መንዙማ አወረደው። የገበሬዎቹ ልጆች አጎቶቻቸው ሲፎክሩ የሚያወጡትን ጌራርሳ አቀለጡት። አንዷ እናቷ ወተት ስትንጥ የምታንጎራጉረውን አመጣች። አንዱ ቤታችን ዘፈን የለም ብሎ የአባቱን ማንኮራፋት አመጣ፤ ምቱን ስለጠበቀ ተቀባይነት አገኘ። ቸኮል ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ እየለየ በጉሮሮው አሰማቸው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ በሰላም ባረጀ ነበር።

አላቆመም። ስለ ማሲንቆ አነሳ። ስለ ማሲንቆ ሲያወራ እንደ ሌላው ትምህርት አልነበረም፤ ድምፁ ይሳሳል፣ ጣቶቹ አየሩን ይነካካሉ። የአዝማሪን ሕግም ነገራቸው። "'ተቀበል' ብሎ ግጥም የሰጠው ሰው ካለ፣ አዝማሪ ያንን ይዘፍናል። ራሱን ቢሰድቡትም ይዘፍናል። አዝማሪ ግጥም አይመርጥም።"

ልጆቹ ማሲንቆ ካልሠራን ብለው ያዙት። ሳጥኑ ከሳልሳ ጣሳ፣ እጀታው ከእንጨት፣ ክሩ ደግሞ ከፈረስ ጭራ እንደሚሆን አሳያቸው። "አደራ፣ ፈረሱን እንዳትጎዱ። ለአንድ ሰው ጥቂት ፀጉር ይበቃዋል፤ ፈረሱም አያውቀው" አላቸው።

ልጆቹ ቃሉን ጠበቁ። እያንዳንዱ ጥቂት ብቻ ወሰደ። ችግሩ፣ በሰፈሩ ልጅ ሲጠጋው የማይራገጥ ፈረስ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም የአቶ ሁንዴሳ ቦራ። ልጃቸው ቡዜ እግር ካወጣች ጀምሮ የምታሻሸው ስለሆነ መቀስ ይዛ ስትመጣ እንኳ ዞሮ አላያትም። ተማሪዎቹ አርባ ሁለት ነበሩ። አርባ ሁለት ጊዜ ጥቂት ስንት እንደሚሆን የሒሳብ መምህሩም አላሰበውም።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ባንዲራ እየተሰቀለ ሳለ አቶ ሁንዴሳ ቦራን እየሳቡ ግቢ ገቡ። በየዓመቱ ታቦት ሲመለስ ከፈረሰኞቹ ሁሉ ፊት የሚጋልቡት እሳቸው ናቸው። ፈረሱን አዞሩት። ጭራ በነበረበት ቦታ የተላጨ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ የፈለገ ግን አልጠፋም።

አቶ ሁንዴሳ ከኑሪ ከረጢት ሾልኮ የወጣ የጣሳ ማሲንቆ አዩና ነጠቁት። ክሩን በጣታቸው ዳሰሱ፤ የገዛ ፈረሳቸውን ፀጉር አወቁት።

"ይህን ማን አስተማራችሁ?"

"እኔ ነኝ" አለ ቸኮል።

"የመርጌታ ልጅ ማሲንቆ ከየት ያውቃል?" ብለው ማሲንቆውን ከነመምቻው ወረወሩለት።

ከመጽሐፍ ነው ቢል ያልፍ ነበር። ቃሉም ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ክሩ ረግቦ ነበርና እጁ ከአፉ ቀድሞ ወጠረው፤ ጆሮው ዘንበል አለ፣ መምቻውም አንዴ ክሩ ላይ ሄዶ መጣ። አቶ ሁንዴሳ ስንት ሠርግ የበሉ ሰው ናቸው፤ ያንን እጅ አይስቱትም።

"ይሄ የመርጌታ ቤት እጅ አይደለም" አሉ።

ቸኮል ሦስት ዓመት የባረከው ማዕድ ሁሉ ዓይኑ ላይ መጣ። "አይደለም" አለ። "አባቴ አዝማሪ ነበሩ።"

አቶ ሁንዴሳ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እንግዲያው ተቀበል!

ፊደል እንዲያስቆጥር ልጄን ብሰጠው፣
የቦራዬን ጭራ ቆጥሮ ጨረሰው።"

ቸኮል ተቀበለ። በአምባሰል አድርጎ፣ ስድቡን አንድ ፊደል ሳይጥል ዘፈነው።

"ተቀበል!

መርጌታ ነው ብለን ወንበር ሰጥተነው፣
ለካ ያባቱ ቤት የሠርግ ድንኳን ነው።"

ይህችኛዋ አጥንቱን ወጋችው። ግን ከአባቱ ሞት በኋላ ማሲንቆ ሲነካ የመጀመሪያው ነበርና፣ ከውርደቱ ሥር ደስታ የሚመስል ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው፤ አፈረበትም። አሳምሮ ዘፈነ።

ያኔ ቡዜ ከሰልፉ ወጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "ጋሼ፣ ተቀበሉ" አለች።

"በረቱን ከፍቼ መቀስ የያዝኩት፣
እኔው ነኝ አባባ፣ ጋሼን አይቆጡት።"

ቸኮል መምቻውን አወረደው። ራሱን ሰድቦ መዝፈን አያቅተውም፤ ልጅን ለአባቷ አለንጋ በዜማ አሳልፎ መስጠት ግን አልሆነለትም። "ይህን አልቀበልም" አለ።

"ጋሼ፣ አዝማሪ ግጥም አይመርጥም ብለውናል" አለ ኑሪ። ቀጥሎም ራሱ ተቀበለው፤ "እኔው ነኝ አባባ" ብሎ። የሚያንኮራፋው አባት ልጅ ደገመው። ከዚያ ጣሳው ሁሉ ከየከረጢቱ ወጣና አርባ ሁለት ልጅ በአንድ አፍ "እኔው ነኝ አባባ" ይል ጀመር፣ ግማሹ በባቲ፣ ግማሹ በመንዙማ፣ የቀረው በምንም። ውሸትም አልነበረም።

አቶ ሁንዴሳ ልጃቸውን አዩ፣ ፈረሳቸውን አዩ። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ። "ቦራ ያለ ጭራ ወጥቶ አያውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ዘንድሮም አይወጣም። ጭራው የት እንዳለ አይቻለሁ። በጥምቀት አንድ ፀጉር እንዳይጎድል፤ ሁላችሁም ከኋላው ትሰለፋላችሁ። አንተም።"

ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ ተሰለፉ። ሸምሱ ሳይቀር "ልጄ ታቦት አይደለም፣ ጭራ ነው የሚከተለው" ብሎ ኑሪን ሰደደው። ያ ሁሉ ጣሳ ሲያላዝን ከላፍቶ የመጣ አንድ ፈረሰኛ ጠጋ ብሎ ሳቀ።

"አቶ ሁንዴሳ፣ የቦራን ጭራ ጅብ በላው እንዴ?"

"ኋላውን አታይም? እየዘፈነ ይመጣል" አሉ።

"ያ ማሲንቆ የሚመታውስ ማነው?"

ቸኮል ሰማ፤ አንገቱን ሰበረ። አቶ ሁንዴሳ ግን ኮርቻቸው ላይ ተመቻችተው፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱ።

"የልጄ አስተማሪ ነው። የአዝማሪ ልጅ።"

የቸኮል መምቻ ክሩን ስቶ ጣሳውን ፈተገው። አባቱ በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲጠሩ ሰምቶ አያውቅም ነበርና መንገዱ ብዥ አለበት። ከኋላው ቡዜ በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ተሳሳቱ" አለችው።