ከሰዓት በኋላ የተቀመጥኩበት ድንጋይ

ባለፈው መጋቢት ልጄ ሰላም የምትማርበት የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ነው። አዳራሹ ምድር ቤት፣ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ በሚያየው በኩል ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ሰማያዊ መስታወት ሲሆን፣ መስታወቱ ላይ ካርቶን በፕላስተር ተለጥፎበታል፦ የፓስታ፣ የዘይት፣ የቴሌቪዥንም ጭምር። ሐይቁ አይታይም። ሰዉ በያዘው ወረቀት ያራግባል።

"እማ፣" አለች ሰላም ተራዋን እየጠበቀች፣ "ይሄን የነደፈው ሰው ከሰዓት በኋላ እዚህ ተቀምጦ ያውቃል?"

ካርቶኖቹን ማንበብ ጀመርኩ።

ሕንፃው ሲነደፍ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አማካሪ ቢሮ ጀማሪ አርክቴክት ሆኜ ተቀጥሬ፣ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ ቋሚ ስሆን የምታስገባው ስለት እንኳ ነበራት። የንድፍ ውሉ ሕንፃው በተፈጥሮ ብርሃንና ነፋስ የሚሠራ፣ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ይሁን ይላል። የትምህርት ቤቱ ዲን ደግሞ "የንግድ ትምህርት ቤት ባንክ መምሰል አለበት" ይላሉ፤ መስታወት ማለታቸው ነው። ሁለቱን ማስታረቅ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጀማሪ ላይ የሚጣለው ምንጊዜም እንዲህ ያለው ነው።

ቦታውን ልናይ ስንመጣ ልማድ ነበረን። ጠዋት እንለካለን፣ ፎቶ እናነሳለን፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ዓሣ ሊበላ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ጥብሱ በዳጣና በሎሚ ይቀርባል፣ የዛፉ ጥላ ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ከውኃው እየተነሳ ሸሚዛችንን ያርገበግበዋል። አለቃዬ ኢንጂነር ታደለ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው "የሐዋሳን አየር የሚያህል የለም" ይሉ ነበር። ሕንፃውን የነደፍነው ለዚያ ጥላ አየር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወደ ቦታው የምንመለሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ያውም ከተመለስን።

አንድ ቀን ሆዴን አሞኝ ከዓሣው ቀረሁ። የቦታው ጥበቃ ጋሽ ዱካሞ ነበሩ፤ ከቱላ በእግራቸው የሚመጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። በርጩማቸውን ከጥላው ጋር እያዞሩ አንዲት ግራር ሥር ይውላሉ። ከያዙት ቆጮ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ሆዴን ምክንያት አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ አዳራሹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለ ድንጋይ በእጃቸው አሳዩኝ።

"ነይ ልጄ፣ እዚያ ተቀመጪ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ሆና ፊት ለፊት ገባችብኝ፤ አንዴ ከሰማይ፣ አንዴ ከውኃው። ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። እንድቀመጥ ያስቻለኝ ነፋሱ ብቻ ነበር። ንድፌ ላይ ያንን ነፋስ በማይከፈት መስታወት ዘግቼዋለሁ።

"ጋሽ ዱካሞ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንዲህ ነው?"

"እስክትጠልቅ።" ቆጯቸውን ጠቀለሉ። "እናንተ ጠዋት ታያላችሁ። ከሰዓት ዓሣ ትሄዳላችሁ። ይሄ ቦታ ከሰዓት ሌላ ነው።"

በሳምንት ውስጥ አዲስ ንድፍ ሠራሁ። በሐይቁ በኩል የሚከፈቱ ትንንሽ መስኮቶች፣ በመስኮቶቹ መሀል ፀሐይዋን የሚጋርዱ ከግድግዳው ወጣ ያሉ የኮንክሪት ክንፎች። ስብሰባው የተጠራው እንደተለመደው ሐዋሳ፣ ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ከሻይና ከብስኩት ጋር ነው። ስለ ፀሐይዋ አስረዳሁ። ዲኑ ለፎቆቹ ተስማሙ፤ ምድር ቤቱ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸውን አነሱ።

"ይሄ ከሐይቁ ዳር መንገድ የሚታየው ነው። መስታወቱ ይመለስ።"

ኢንጂነር ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። "ቦታውን ያየሽው አንቺ ነሽ። ይቻላል ወይስ አይቻልም?"

የሙከራ ጊዜ መገምገሚያ ቅጼ ከፕላኖቹ ሥር ጫፉ ብቅ ብሎ ይታየኛል። ከሰዓት እፈርምልሻለሁ ብለውኛል። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አይቻልም ብል ምናልባት ከጎኔ ይቆሙ ነበር። እሱን ለማወቅ ግን አይቻልም ማለት ነበረብኝ።

"ይቻላል፣" አልኩ። "መጋረጃ ይደረግበታል።"

ቅጼ የዚያኑ ቀን ሐይቁ ዳር፣ ከዓሣው ሳህን አጠገብ ተፈረመ። ሎሚ ጠብ ብሎበት ነበር። ልንሰናበት ስንል ጋሽ ዱካሞ "ድንጋዩ ያለበትስ?" ብለው ጠየቁኝ። መጋረጃ እንደሚደረግበት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና በርጩማቸውን ወደ ጥላው አዞሩ።

ሰላም ጽሑፏን በደንብ አቀረበች። ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። ፎቁ ላይ መስኮቶቹ ተከፍተው፣ ተማሪዎች ደብተራቸው በነፋስ እንዳይገለጥ በክንዳቸው ይዘው ያነባሉ፤ ሐይቁም ይታያል። ያንን ክፍል ለዓመታት መጽናኛዬ አድርጌው ኖሬአለሁ፤ ቢያንስ ይሄን አትርፌአለሁ እያልኩ። ያን ዕለት ግን አላጽናናኝም። ታች ልጄ ላቧን እየጠረገች ጽሑፏን ስታቀርብ አይቼ አፍሬ ነበር።

ደረጃውን ስንወርድ በካርቶኖቹ በኩል አለፍን።

"ቅድም ላነሳሽው ጥያቄ አልመለስኩልሽም፣" አልኳት።

"የቱ?"

"ተቀምጬ አውቃለሁ።"