እንዳትቀሰቅሱት

እህቴን ሆቴሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ሃሎ» ነው የሚላት። ዘበኛው፣ ወጥ ቤቱ፣ ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር «እትዬ ሃሎ» ይላታል። እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጣ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት፤ አነሳሷም ለየት ይላል። «ሃሎ» ስትል የደወለው ሰው ገና ሳይተነፍስ የተቀየመችው ይመስላል። እኔ ብቻ እታለም እላታለሁ። ታላቄ ናት፤ የሆቴሉን ሾፌርነት ያስገኘችልኝም እሷ ስለሆነች ሌላ ስም ላውጣ ብል አፌን ታስይዘኛለች።

የፈረንጆቹን ቋንቋ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። እናታችን እነሱ የከፈቱት ክሊኒክ ውስጥ ወለል ስታጥብ እሷ ባልዲ እየጎተተች ትከተላት ነበር። ስለዚህ የምታውቀው ሁሉ የነርስ ቋንቋ ነው፦ አፍህን ክፈት፣ ይህን ዋጥ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ፣ አሁን እረፍ። ሂሳብ ሊዘጋ የመጣ እንግዳ እንኳ ስታናግረው መርፌ ልትወጋው የተዘጋጀች ይመስለዋል። ይወዷታል ግን። ከቤቱ ርቆ የመጣ ሰው የሚቆጣው ሲያገኝ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል መሰለኝ።

ሆቴላችን ፏፏቴው አፋፍ ላይ ነው። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ያንን ውሃ ለማየት ነው፤ አንዳንዱ አይቶት አይመለስም። እኔ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ባመጣሁ ቁጥር የምለው ነገር አለኝ፣ በዚያች በተሰባበረች ቋንቋዬ፦ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ከገመዱ አትለፉ፣ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ፎቶ አትነሱ፣ ሞተር ሳይክል አትከራዩ፣ እንቢ ካላችሁም ሄልሜት አድርጉ። በመስታወቱ ሳያቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን እኔም እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ እለፈልፋለሁ፣ እነሱም እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ያሳልፉታል።

አንዲት ልጅ ካሜራ የያዘው ጓደኛዋ «ትንሽ ወደ ኋላ» ሲላት ሄደች፤ ገመዱን በጀርባዋ አልፋው ነበር። አንድ ሽማግሌ ቁርስ ላይ ዳቦው በእጁ እንዳለ ቀረ፤ አስተናጋጁ ተኝቶ መስሎት ሻዩን ሁለተኛ አሙቆለታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሥራ አስኪያጃችን ክራቫቱን ያስተካክልና ለኤምባሲው ይደውላል፣ የቀረውን ኤምባሲው ይጨርሰዋል፣ እኛ አንሶላ እንቀይራለን። ሲደጋገም ሰው ይደነዝዛል። ክፉ ሆነን አይደለም፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ ፊታችንን አስተካክለን መቀበል አለብን።

ባለሎሚው ግን እንግዳ አልነበረም። ለከተማው የውሃ መስመር ሊዘረጋ የመጣ ኢንጂነር ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ ከእኛ ጋር ከርሟል። ጠዋት ሙቅ ውሃ በሎሚ ካልጠጣ ከደረጃው ንቅንቅ ስለማይል ነው ያን ስም ያወጣንለት። ከቋንቋችን አጥርቶ የሚያውቃት ቃል «እሺ» ናት፤ ለሁሉም ነገር ይላታል፣ ለሰላምታም ለስንብትም። ሞተር ሳይክል ገዝቶ ነበር። ሄልሜትም ገዝቷል፣ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ። የሚያደርገው ግን ጭንቅላቱ ላይ አይደለም፤ እንደ ገበያ ዘንቢል ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል። እህቴ በመስኮት ብቅ ትልና በቋንቋው «ጭንቅላትህ ላይ!» ብላ ትጮህበታለች። እሱ በቋንቋችን «እሺ!» ይላል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ይሄዳል። በየቀኑ ይኸው ነው።

ሞባይል እንደ አሁኑ በየኪሱ ስላልገባ እናቱ በየእሁዱ ጠዋት በሆቴሉ ስልክ ትደውልለት ነበር። እሱ ጫማውን አስሮ እስኪወርድ ድረስ እህቴና እናቱ ያወራሉ። በልቷል? ከስቷል? ጉንፋኑ ለቀቀው? እህቴ እንደ ተረኛ ነርስ ሪፖርቷን ታቀርባለች። «እማማ» ነበር የምትላት፣ በራሳችን ቃል፤ ሴትየዋም ለምዳዋለች። ለእኔ ፈገግታዋን የምትሰስተው እህቴ ለማታውቃት ሴት በስልክ ስትስቅ ስሰማ አንዳንዴ ቅናት ይይዘኝ ነበር። «በስልክ ብደውልልሽ ይሻለኝ ይሆን?» ስላት «ሞክረው፣ እዘጋብሃለሁ» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትራፊክ ፖሊሱ ደወለ። ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ገልባጭ መኪና አሸዋ አፍስሶ ሄዷል፤ ሞተር ሳይክሉ እዚያ ላይ ተንሸራቷል። ሰውየው ኪስ ውስጥ የክፍል ቁልፍ ተገኝቷል፣ የሆቴላችን ስም የተጻፈበት እንጨት የተንጠለጠለበት። «የእናንተ ነው፣ ኑና ውሰዱት» አለኝ ፖሊሱ። ቁልፉን ይሁን ሰውየውን አልገባኝም።

ሚኒባሱን ይዤ ሄድኩ። ወንበሮቹን አጥፈን አስተኛነው። ሆስፒታል ያለው ሐኪም ብዙ አልቆየበትም፤ ዓይኑን አየ፣ አንገቱን ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ ዘመዱ ነህ ወይ አለኝ። ሾፌር ነኝ አልኩት። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ልቤ ተሰበረ፣ ዓለም ዞረብኝ ይላል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው የወንበሩን ጨርቅ ማን እንደሚያጥበው ነው። ሄልሜቱን ይዤው መጣሁ፤ አንዲት ጭረት የለበትም። እህቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሱን አየች፣ እኔን አየች።

ኤምባሲው ቅዳሜ ዝግ ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ሰኞ ደውሉ ይላል። የሰውየው መሥሪያ ቤት ስልክ እየጠራ አይነሳም። ሥራ አስኪያጃችን ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደና «ለቤተሰብ መንገር ግዴታችን ነው፤ ቋንቋውን ደግሞ የምትችይው አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ ከባንክ ሰዎች ጋር ስብሰባ አለብኝ ብሎ በጓዳው በር እግሬ አውጪኝ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ ባንክ የት እንዳለ እሱ ይወቀው።

እህቴ ስልክ የምታናግረው ቁጭ ብላ ነው። ያን ቀን ቆማ ደወለች። «እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ልጅዎ አርፏል።»

ሌላ ምን ትበል? እኛ ለሰው የምንለው እንደዚያ ነው። እናት ጆሮ ላይ «ሞተ» የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ግን ቃሉን እንዳለ ወደ እነሱ አዞረችው፣ ነርሶቹ በሽተኛውን «እረፍ» በሚሉበት ቃል። በእነሱ ቋንቋ ያ ቃል አልጋ ላይ ጋደም ከማለት የተለየ ትርጉም የለውም።

የሴትየዋ ድምፅ ከስልኩ አምልጦ እኔ ድረስ ተሰማ፤ ደስ ያለው ድምፅ ነበር። እህቴ «እሺ» አለችና ስልኩን አስቀመጠችው።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ጎሽ አለች። ሥራ በዝቶበት ነበር፣ ይረፍ አለች።» ሄልሜቱን እያየች ነው የምታወራው። «እንዳትቀሰቅሱት አለች።»

ሳቄ መጣ። አፍሬ አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ግን መጣ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ። እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሆቴሉ በሙሉ መካሪ ሆነ። ልብስ አጣቢዋ «ተያት እባክሽ፣ አንድ ሌሊት ደህና ትደር፤ ምን ይጎዳል?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ከባንኩ ተመልሶ «መርዶ በስልክ ነውር ነው፤ ሰኞ ኤምባሲው ሰው ልኮ ይንገራት» አለ። እኔም ከእሱ ጋር ወገንኩ፤ በሕይወቴ ከእሱ ጋር የተስማማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እታለም፣ አንቺ ምን አገባሽ? እነሱ ይንገሯት።»

«ነገ ራሷ ትደውላለች» አለችኝ። «ተነሳ ወይ ትለኛለች። ምን ልበላት? አሁንም ተኝቷል ልበላት? ሰኞ አንድ የማታውቀው ሰው በሯን አንኳኩቶ ሲነግራት እኮ እኔን ነው የምታስበው። ልጄ ሞቶ፣ ተኝቷል ብላ አሾፈችብኝ ነው የምትለው። ዕድሜ ልኳን።»

«ታዲያ በእነሱ ቃል ንገሪያት። አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። የክሊኒኩ ድመት የሞተች ጊዜ ነው የሰማሁት። ለሰው ይባል አይባል ግን እኔ እንጃ።»

ከሰዓት በኋላውን ፎጣ ስታጥፍ ዋለች፣ ሥራዋ ሳይሆን። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያቺን የድመት ቃል እየተለማመደች ነበር።

እሁድ ጠዋት ስልኩ በተለመደው ሰዓቱ ጮኸ። እህቴ ሦስት ጊዜ እስኪጮህ ጠበቀች፤ ጠርታኝ ነበርና አጠገቧ ቆሜ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከቋንቋው የያዝኩትን ያዝኩ፣ ያልገባኝን እሷ በኋላ ነግራኛለች።

«ተነሳ?» አለች ሴትየዋ።

«አልተነሳም፣ እማማ። አይነሳም። ሞቷል።»

መስመሩ ላይ የሚያፏጭ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ቀረ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት። በሞተር ሳይክሉ።»

«ስትደውዪልኝ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አርፏል አልሽኝ?»

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። «በእኛ ቋንቋ እንደዚያ ነው፣ እማማ። ሰው ሲሞት አረፈ ነው የምንለው። ሌላኛው ቃል ለሰው ይከብደናል። ላሾፍብዎ አልነበረም። ልዋሽዎም አልነበረም።»

እኔ እርግማን ነበር የምጠብቀው። «ትናንት ማታ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ» አለች ሴትየዋ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። ከዚያ «ቃሉን በእናንተ ንገሪኝ» አለች።

«አርፏል።»

«አልፏል።»

«አርፏል፣ እማማ። በ‹ር› ነው።»

«አርፏል» አለች ሴትየዋ። እህቴ እንደ ሕፃን ታስተምራት ጀመር፣ ሴትየዋም ደጋግማ አለችው፣ እስኪጠራላት ድረስ። እዚያ ቆሜ አንዲት እናት የልጇን ሞት በሰው አገር ቃል ስትማር እየሰማሁ አሁንም እንባ አልመጣልኝም። ምነው በመጣልኝ እያልኩ ነበር።

ሣጥኑን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሄልሜቱ ግን ቀረ። እህቴ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን ሰቀለችው። ሞተር ሳይክል የተከራየ እንግዳ ካለ አውርዳ ራሷ ታጠልቅለታለች፣ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ትቆልፍለታለች፤ እንቢ ያለ እንግዳ ማታ ሲመለስ የክፍሉን ቁልፍ ትደብቅበታለች፣ ሲፈልግ ያመሻል። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ያሸሻል ብሎ ሊያወርደው ሞክሮ ነበር። ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል።

ሴትየዋ መደወሏን አልተወችም። እሁድ ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት። ከደረጃው የሚወርድ ሰው የለም፤ ሁለቱ ብቻ ያወራሉ። ክፍሉ ውስጥ ማን ገባ? የዘረጋው ውሃ የት ደረሰ? «የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ተከፈተ» ስትላት ሴትየዋ ባለሎሚው ራሱ የደወለላት ያህል ደስ ይላታል። ሲጨርሱ ደህና ሁኚ አይባባሉም። ሴትየዋ «አርፏል» ትላለች። እህቴም «አርፏል» ትላታለች። ከዚያ ይዘጋሉ። የማያውቅ ሰው ቢሰማ ያበዱ ይመስለዋል። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ፤ ሞባይል መጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ፣ ሴትየዋ ግን የምታውቀው የሆቴሉን ቁጥር ነው።

ባለፈው እሁድ ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ። እኔ የመኪና ቁልፍ ልወስድ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። እህቴ አነሳች፤ «ሃሎ» አለች፣ ለሴትየዋ ብቻ በምታወጣት በዚያች ለስላሳ ድምፅ።

የወንድ ድምፅ ነበር፣ ወጣት። ሰላምታ አልሰጠም። የተጠና ነገር እንዳይጠፋበት የሚጠነቀቅ ሰው ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ በቋንቋችን፣ «አርፏል» አለ።

ወጣቱ ተጨንቆ በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። የሴትየዋ የእህት ልጅ ነኝ አላት። ሐሙስ ዕለት ነው፣ በእንቅልፏ። እዚህ ቁጥር ላይ ደውለህ ይህን ቃል ብቻ በላት ብላኝ ነበር፣ ብዙ ጊዜ አስለማመደችኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ «ልክ ነው ያልኩት?» ብሎ ጠየቃት።

ልክ አልነበረም። ለሴት አርፋለች ነው የሚባለው። ሴትየዋ የምታውቀው ግን የልጇን ብቻ ነው፤ እህቴ ሌላውን አላስተማረቻትም።

«ልክ ነው» አለችው። «በጣም ልክ ነው።»

ስልኩን አስቀምጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ግንባሯን እጇ ላይ ደፋች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለሎሚው የሞተ ቀን ያላለቀሰችውን ሁሉ ነው ያን ቀን ያለቀሰችው። ስልኩ እንደገና ሲጮህ እኔ አነሳሁትና «ሃሎ» አልኩ፤ ሌላ እንግዳ ነው፣ ክፍል ይኖራችኋል ወይ ይላል።