ቤት ያልመታው ግጥም

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማ፣ ጃፓኖች ሃይኩ የሚሉት ግጥም አላቸው። ሦስት አጫጭር መስመር ነው፤ ፊደሉ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት እየተባለ ይቆጠራል። ያየሽውን ብቻ ትጽፊያለሽ፤ ቤት አይመታም» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ የካርቱሙ ጊዜ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ካርቱም፣ ካላክላ የሚባል ሰፈር፣ አራት የወሎ ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቀን ሰው ቤት ተቀጥረን እንሠራለን፣ ማታ ፉል በሰሊጥ ዘይት ከአንድ ሳህን እንበላለን። ዘይነባ የምትባለው ታዲያ ሁልጊዜ ቀድማን እጇን ታጥባ ደብተር ታወጣለች። ጣቶቿን ትቆጥራለች፣ ቀና ብላ ታየናለች፣ ትጽፋለች። በየቀኑ! ምን ታያለች ይቺ?

እኔ ደግሞ የምፈራው ነበረኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ካለቀ ቆይቷል። ፖሊስ እንዳያገኘኝ በጓሮ በር ነበር የምወጣው። አንድ አርብ ዘይነባ ልብስ ስታሰጣ ደብተሯን ገለጥኩት፦

ሃዋ ወጣች
በጓሮ በር ጧት
ውሻው ዝም

ሃዋ እኔ ነኝ። ደብተሩን ይዤ ወደ እሷ ወጣሁ።

«ለማን ነው የምትሰልይን?» ብዬ ጮህኩባት።

«ወላሂ ግጥም ነው! ስልክ ላይ አይቼ ነው የለመድኩት። የሰው ቤት ስሠራ እውላለሁ፤ ይቺን ካልጻፍኩ ቀኑ የኔ አይመስለኝም።»

«ግጥም? ቤቱ የታለ? ‹ጧት›ና ‹ዝም› በየት አገር ነው የሚገጥመው?»

መንዙማ እየሰማን ያደግን ልጆች፣ ቤት የማይመታ ግጥም በሕልማችንም አላየን። ሌሎቹም ከኔ ጋር ሆኑ። «ያላ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አልናት። ደብተሩን ቀዳድጄ ከሰል ላይ ጨመርኩት። ዘይነባ ሲነድ ቆማ አየችው። «እውነቱን አላህ ያሳይሽ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ውጭው አቧራ ነበር።

በሳምንቱ አፈሳ መጣ። ቤት ለቤት ነበር፣ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኩተዋል። እኔ ጎረቤታችን ሐጃ ጓዳ ተደብቄ ተረፍኩ። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ «አላልኳችሁም? እሷ ናት!» ስል አመሸሁ። መጠርጠር እንዲህ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ለራሱ ምስክር ያደርጋል።

ያቺ ከተማም ጦርነት በላት፤ ዘይነባ የት እንዳለች አላውቅም። አፉ ብትለኝ ባትለኝ አይደለም የሚያብሰለስለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጽፋ ይሆን? ዛሬ የምጠረጥረው ራሴን ነው፤ መጻፍ ያስተውኳት እኔ ይመስለኛል።