የተስፋው ሞተርና የእድሩ ቃሬዛ

ስለ ወንድሜ ስለ ተስፋው ነው የምጽፈው። ከየት እንደሚጀመር እንጃ። ከሞተሩ ብጀምር ይሻላል መሰለኝ፤ እኛ አገር ተስፋው ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ሞተሩን ነውና።

የምንኖረው ከጅጋ አስፋልቱን ትቶ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ነው። መንገድ ስል በበጋ ነው። በክረምት ዋልካ ነው፤ እግር የነከረ ጫማውን ትቶ ይወጣል።

ተስፋው ከባድሜ ጦርነት ሲመለስ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር። አንዳንዴ ጥይት ነው ይላል፣ አንዳንዴ ፍንጣሪ ነው ይላል። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። የታጨችለት ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ መጥተው አዩት፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ደህና ሁኑ ብለው ሄዱ። ሌላ ቃል አልላኩም። ልጅቱ ቡሬ ተዳረች።

የጎዳው ግን ይህ አልነበረም። የጎዳው ቃሬዛው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት የእድሩ ወንዶች ተሸክመው ነው አስፋልት የሚያደርሱ። አራቱ ይሸከማሉ፣ ሌላው ከኋላ ተከትሎ የደከመውን ይቀበላል። ትከሻውን የማይሰጥ ወንድ የለም። ሽማግሌው እንኳ ትንሽ ተሸክሞ ነው የሚለቅ፤ እንዲያው ሰው እንዲባል። ተስፋው ከተመለሰ በኋላ ቃሬዛ ሲወጣ እሱም ገብቶ ተሸከመ። በረገጠ ቁጥር ቃሬዛው ያጋድላል። የተኙት አሮጊት፣ "ኧረ ልጆቼ፣ ከበሽታው በፊት እናንተ ልትገድሉኝ ነው!" አሉ። ሰው ሳቀ። ከኋላ የነበረው ትከሻውን ነካ አደረገና ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ቃሬዛ ሲወጣ ተስፋው ከእኛ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ መቆም ሆነ። ያን ቀን እህል አይቀምስም።

ሞተር የመግዛት ሐሳቡ መቼ እንደመጣበት አላውቅም። አስፋልቱን ይሠራ የነበረው ድርጅት ጠቅልሎ ሲሄድ ሠራተኞቹ የማይወስዱትን ዕቃ ይሸጡ ነበር። ቡሬ አንድ ጋራዥ በር ላይ ሁለት ሞተር ቆሟል ብለው ነገሩት። በሬውንና ባሕር ዛፉን ሸጠ። እኔንም "ነይ አደይ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ብቻውን መሄድ አፍሮ ይሆናል።

አንደኛው ሞተር የግብርና ሠራተኞች የሚነዱት ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም። የጋራዡ ሰው፣ "ገጠር ከሆንክ ይሄን ውሰድ" አለው። "ጭቃ ይወጣል። ወንዝ ላይ ቢቸግርህ ሁለት ሰው ያነሳዋል።"

ተስፋው ግራ እግሩን ተክሎ ቀኙን ሊያሻግር ሞከረ። አልተሻገረለትም። በእጁ አንስቶ ሞከረ። ሞተሩ ወደቀ፣ እሱም ከላዩ ወደቀ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ፊታቸውን አዞሩ። ቢስቁ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ረጅምና ዝቅ ያለ ነው። ክሩዘር ይሉታል አለ ሰውየው። መሪው እንደ በሬ ቀንድ የሰፋ፣ መቀመጫው እንደ አግዳሚ የረዘመ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የራቀ። የሚነዳው እግሩን ዘርግቶ ነው። ተስፋው እግሩን ጎትቶ አሻገረና ተቀመጠ። ያ የማይታጠፍ እግር መርገጫው ላይ ልክ ሄዶ አረፈ። ወንድሜ ከጦርነት ከተመለሰ ጀምሮ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ሲያገኝ ያን ቀን አየሁ።

"ይሄ የአስፋልት ነው ወንድሜ" አለ ሰውየው። "ከባድ ነው። ሆዱም መሬት ይልሳል።"

"እግሬንስ ምን ላድርገው?" አለ ተስፋው።

ሰውየው እግሩን አየና እዚያው መንዳት ያሳየው ጀመር።

መንደር ስንገባ ልጅ አዋቂው ወጣ። "ምነው ተስፋው፣ አልጋ ገዛህ?" አሉት። "ኧረ ይሄስ ተኝተው የሚጋልቡት ነው!" የሞተሩ ስም አልጋው ሆኖ ቀረ። ተስፋው ይስቅ ነበር። የእድሩ ዳኛ አያ ክንዱ ግን አልሳቁም፤ ዞር ዞር ብለው መቀመጫውን በመዳፋቸው ለኩት።

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"ሦስት ይይዛል አያ።"

"የታመመ ሰው መሃል ቢቀመጥ?"

"ከኋላ ደግፎ የሚይዘው ካለ ይቀመጣል።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ ሲሰበሰብ አያ ክንዱ ተነሡና፣ "ተስፋው ሞተሩን፣ ሌላው ትከሻውን። እኩል ነው። ቅር የሚለው አለ?" አሉ። ቅር ያለው አልነበረም። ተስፋው ቤት ገብቶ ይህንኑ ለእናታችን ነገራት። ቆይቶ እንዳልነገራት ሆኖ እንደገና ነገራት። እሷም እንዳልሰማች ሆና ሰማችው።

ከዚያ እንግዲህ ከሞተር ጋር መኖር ነው። ሌሊቱን ጅብ የሚበላው ይመስል ቤት ውስጥ ያሳድረዋል፤ ከላሞቹ ጋር። ላሟ መቀመጫውን ለላቡ ጨው ትልሰዋለች፣ ዶሮ መሪው ላይ ትሰፍራለች። ቤታችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ሽሮው ሳይቀር። በበጋ በርበሬ ጭኖ ቡሬ ይወርዳል፣ እኔንም ፍኖተ ሰላም ገበያ ያደርሰኛል። አስፋልት ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። ቀጥ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ነፋሱ ጋቢውን እየነፋው። የሚያየው ሰው አንካሳ ነው አይልም።

ሥራው ግን የታመመ ማድረስ ነበር። ስንቱን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንዳደረሰ ቆጥሬ አላውቅም። ድነው በእግራቸው የተመለሱ አሉ። ጀርባው ላይ ተደግፈው ነፍሳቸው የወጣችም አሉ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመለስ ውኃ ቀድቶ መቀመጫውን ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ እንደገና ያጥባል።

ክረምት ክረምት ችግር ነው። ዋልካው ጎማውና የጭቃ መከላከያው መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞር ይላል። ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል። ከሥሩ ቆርቆሮ አስበየደለት፤ ያም ተቀደደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ወንዶቹ ከኋላ ይከተሉት ነበር፤ ሲሰምጥ ገፍተው ያወጡታል። እያደር ሰለቹ። "አልጋው ያደርሳል" ብለው ወደ አረማቸው ይሄዳሉ። ጎረምሳውም በክረምት ሰሊጥ ሊያርም መተማ ይወርዳል፤ ከወረደው የማይመለስ አለ። ቃሬዛው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተጋድሞ ከረመ። ጠፍሩን አንዱ ፈትቶ ለቀንበር ወሰደው፣ እንጨቱን ሌላው ለአጥር። ማንም ምን አላለም።

ቆይቶ ለወረዳው አምቡላንስ መጣ። በበጋ ስልክ ሲደወል በር ድረስ ይመጣል። ተስፋው መጀመሪያ ሲያየው፣ "ጥሩ ነው፣ ለሰው ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ በበጋ የሚጠራው ጠፋ። የሚፈለገው በክረምት ብቻ ሆነ፤ አምቡላንሱ አስፋልት ላይ ሲቀር። ሞተሩ የማይችልበት ጊዜ ማለት ነው። አርጅቷልም፤ ሞተሩን ማለቴ ነው። ለማስነሳት ቁልቁለት ላይ መግፋት ይፈልጋል። "ወንድም ጋሼ፣ እስኪ ይብቃህ" ስለው፣ "እድሩ ውስጥ በምን ልግባ ታዲያ?" ይለኛል። 

አንድ ዓመት በሐምሌ ነው። ጧት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ጎረቤታችን ሠርክአዲስ ቤቷ ሴት ልጅ ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ ደሙም አልቆም አለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ደወለችና፣ "አምቡላንሱ አስፋልት ላይ ይጠብቃል፣ ቶሎ አድርሷት፣ ቶሎ!" አለች። ባሏ ይሄይስ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። አያ ክንዱ ያሉትን ወንዶች ሰብስበው፣ "መጥረቢያ አምጡ፣ ሁለት እንጨት ቁረጡ፣ ቃሬዛ እንሥራ" አሉ።

ተስፋው ሞተሩን አስነሥቶ መጣ። "እስክትቆርጡ እኮ እኔ አስፋልት ደርሻለሁ" አለ።

"ዋልካው አያሳልፍህም ልጄ" አሉት አያ ክንዱ።

"ስንቱን አሳልፌያለሁ አያ! ዛሬ ነው የማላሳልፍ?"

አያ ክንዱ ይሄይስን አዩት። ይሄይስ ሚስቱን አየ፣ ደሙን አየ። "በፈጠረህ ተስፋው፣ አድርስልኝ" አለ።

መሃል አስቀመጥናትና እኔ ከኋላ ሆኜ ያዝኳት። አንገቷ ትከሻዬ ላይ ነበር። ወንዶቹ እንደልማዳቸው አልተከተሉም፤ ሞተር ማን በእግሩ ይከተላል? ይሄይስ ብቻ ትንሽ ሮጦ ቀረ።

መንገዳችን ላይ ያለውን ወንዝ ተሻገርን። ወንዙ አልነበረም የያዘን። ከወንዙ ወዲያ ያለው ማሳ ላይ የኋላው ጎማ ዞረ ዞረና ቆመ። ተስፋው ነዳጅ ሰጠው፤ ጭራሽ ሰመጠ። ሆዱ መሬት ላይ ተኛ። "ውረጂ አደይ፣ ግፊ" አለኝ። ሠርክአዲስን እንዴት ትቼ ልውረድ? እሱ ወረደ፣ ሊገፋ ሞከረ፣ ያ እግሩ አዳልጦት በደረቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ። ጎማው ላይ የተጠቀጠቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይቆፍራል። ሠርክአዲስ "በርዶኛል" ትላለች። ነጠላዬን አለበስኳት። "ልጅቷ ጠባች?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ጮህኩ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። ወንዶቹ ሲሰሙ ሮጠው መጡ። በጋቢ ጠቅልለው በቆረጡት እንጨት ላይ አንጠልጥለው ወሰዷት፤ ይሄይስ ከፊት ነበር። አስፋልቱ ታየ፣ የአምቡላንሱም መብራት ታየ። አያ ክንዱ እጃቸውን አፏ ላይ አደረጉና፣ "አስቀምጧት" አሉ። "ቀስ ብላችሁ አስቀምጧት፤ ከእንግዲህ አንቸኩልም።"

ተስፋውን ማንም ምንም አላለውም። ለቅሶ ላይ ቦታ ለቀውለት ተቀመጠ፣ ጠላም ሰጡት። ሕፃኗን ጎረቤት እያጠባች አደገች፤ አሁንም አለች። ሞተሩን ዝናቡ ሲያበቃ በበሬ ጎትተው አወጡት።

ከአርባዋ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አዲስ ቃሬዛ ከወይራ ተሠርቶ፣ በበሬ ቆዳ ጠፍር ተወጥሮ ቀረበ። አያ ክንዱ ቤት በቤት እየጠሩ ማን ከማን ጋር ትከሻ እንደሚሰጥ ወሰኑ። ከእኛ ቤት ሲደርሱ፣ "ተስፋው ይረፍ" ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

ተስፋው ተነሣ። "አያ፣ ትከሻዬ እኮ ጤነኛ ነው።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ብዙ ደክመሃል። እረፍ ነው ያልኩህ።"

"እኔ ደከመኝ አልኩ?"

ሰው ሁሉ ይሄይስን ጠበቀ። ይሄይስ መሬቱን በዱላው ይጭር ነበር። ቀና አላለም። አያ ክንዱ ቀጣዩን ስም ጠሩ።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ሽማግሌ ታመሙና ቃሬዛው ወጣ። ተስፋው በር ላይ አልቆመም። ዱላውን ይዞ ከኋላ ተከተለ። እኔም እንዳይወድቅብኝ ብዬ ከእሱ ኋላ ተከተልኩ። ወዲያው ጥለውን ሄዱ። ጭቃው ያንን እግር ይይዘዋል፤ እሱ በሁለት እጁ ከጉልበቱ በላይ ይዞ ይነቅለዋል፣ ይረግጣል፣ ደግሞ ይነቅላል። "እንመለስ ወንድም ጋሼ" አልኩት። እሱ እግሩን ይነቅላል።

አስፋልቱ ሳይታየን እነሱ እየተመለሱ አገኘናቸው።

"ደረሱ?" አለ ተስፋው።

"ደርሰዋል፣ በሕይወት ናቸው" አሉትና እያለፉት መሄድ ጀመሩ። አንዱም ዓይኑን አላየም። መጨረሻ ላይ ይሄይስ ነበር፤ ባዶውን ቃሬዛ ከሌላ ሰው ጋር ይዞ። ቆመ። ያንን ሰው፣ "አንተ ሂድ" አለውና የቃሬዛውን ጫፍ ወደ ተስፋው ገፋ።

"ያዝ" አለው። 

ተስፋው ትከሻው ላይ አደረገው። ሁለቱም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛ ሲወጣ ተስፋው በመንገድ ላይ ይጠብቃል። ሕመምተኛውን ሌላው ይወስዳል፤ ባዶውን መመለስ የእሱ ሥራ ሆኗል። ሲመለስ እህል አቀርብለታለሁ። አንዳንዴ ይበላል።