ስም የሌለው የእንግሊዝ ንጉሥ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ሳለ ልጄ ስለ አንድ የክፍሏ ልጅ ስታወራኝ «ጎስት አደረገኝ» አለች። የላከችለትን መልእክት እያየ ሳይመልስላት እንደ መንፈስ ጠፋ ማለቷ ነው። ቀጥላም አባባሉ ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። እኔ አባቷ ዕድሜዬን ሙሉ አስጎብኚ ስለነበርኩ የፈረንጅን ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስላታል። እኔ ግን ሐሳቤ በላይ ወደሚባል የድሮ ጓደኛዬ ሄደ።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ያለ ባጅ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ መታወቂያ፣ የውጭ እንግዳ ማስጎብኘት ሊከለከል ነው ተባለና የቃል ፈተና ወጣ። በላይ የቅኔ ትምህርቱን አቋርጦ የመጣ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ ጓደኛዬ ነበር። እናቱ ታማ የምትኖረው በእሱ እጅ ነው፤ ባጁን ካላገኘ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ክረምቱን ሙሉ ከአዘዞ ወደ ከተማው በጭቃው መንገድ እየተመላለስን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን፣ የእንግሊዞቹን የአራዳ ቋንቋ ያስጠናኝ ነበር።

ማስጠናቱም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እንደሚተረጎም ነው። አንዱን ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል። እንግሊዞች መድረክ ለሚወጣ ሰው «ብሬክ ኤ ሌግ»፣ እግርህን ስበር ይሉታል፤ ይቅናህ ማለታቸው ነው። ምነው እንዲህ ይላሉ ስለው፣ እኛስ የምንሳሳለትን ሕፃን ክፉ ዓይን እንዳያየው «አስቀያሚ» እንል የለም ወይ አለኝ። አንድም፣ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ እግሩ በተሰበረ ማግስት ጦርነት ስላሸነፈ ነው። ይሄኛው ደስ ስላለኝ በቃሌ ያዝኩት።

የፈተናው ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዋናው ፈታኝ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። እንግዶች የሚሉትን አንድ አባባል ከነመነሻው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እየተቻኮልኩ የንጉሡን ታሪክ ነገርኳቸው።

«የትኛው ንጉሥ ነው?» አሉኝ።

«አንድ… የእንግሊዝ ንጉሥ» ብዬ ደገምኩ።

«ለእንግሊዝ ንጉሥ የፈጠረ ሰው፣ ነገ ለፋሲል ግንብ ስንት ይፈጥር ይሆን?» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ማን ነው ያስተማረህ?»

በላይ በር ላይ ተራውን እየጠበቀ ነው። ስሙን ብጠራ ገና ሳይገባ ይወድቃል፤ ከራሴ ነው ብል እኔ መውደቄ ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ የመምህሩን ስም የደበቀ ተማሪ እንደ ሌባ ይቆጠራል ሲል ከራሱ ከበላይ ሰምቻለሁ። ፈራሁ። መምህሩ ሊጥሉኝ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

በሩ ተከፈተና፣ ጆሮውን በስንጥቁ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ የቆየው በላይ ውኃ እየተንጠባጠበበት ገባ።

«የኔታ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ንጉሡን እኔው ነኝ የፈጠርኩት። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። እሱ አምኖኝ ነውና በእኔ ጥፋት አይጣሉት።»

ፈታኞቹ ተያዩ። ለእኔ ሌላ ጥያቄ ሰጡኝና አለፍኩ። በላይን ግን ሳይፈትኑት በሚቀጥለው ዙር ተመለስ አሉት። እናቱን እስከዚያ የሚያበላበት ስላልነበረው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

ብዙ ቆይቼ ሳጣራ የዚያን አባባል መነሻ ፈረንጆቹም በእርግጠኝነት አያውቁትም። አንዳንዱ የቲያትር ሰዎች ፈሊጥ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ለዚያ ጥያቄ «አላውቅም» በቂ መልስ ነበር።

ልጄንም የ«ጎስት»ን መነሻ አላውቅም አልኳት። ቅር ብሏት ወደ ስልኳ ተመለሰች። እንግዳ የማላውቀውን ሲጠይቀኝም ሁልጊዜ መልሴ ይኸው ነበር፤ በዚህ ታምኜ፣ ተከብሬ ልጅ አሳደግሁ። በላይ ግን እውነቱን በተናገረበት ቀን እንጀራውን አጣ።