አልሞላም ያልኩት ባትሪ

ባሌ ሞቶ አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ ስለ ወፍጮው ጠየቁኝ። ሞተር ከሴት እጅ አይስማማም አሉ። እኔ ግን ያ ሞተር በሰው ትከሻ ከደብረ ታቦር ታች ጋይንት ሲመጣ፣ ለተሸካሚዎቹ ስንቅ ይዤ ከኋላ ከኋላ በእግሬ የተከተልኩ ሴት ነኝ። አልሰጥም አልኳቸው። ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ የያዙትን ገብስ ፈጨሁላቸውና መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝ።

አንድ እንግዳ ሰውዬ ወደ ከተማችን ወደ አርብ ገበያ የመጣው መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ነው ተባለ። ለመኪና የሚሆን መንገድ ስላልነበረ መኪናውን ደብረ ታቦር ትቶ በበቅሎ ነበር የመጣ። ካፖርት የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። የያዘው መሣሪያ ረጅም ዘንግ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ ነገር አለው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ መሬቱን ይዳብሳል፤ ከአፈር በታች ብረት ካለ መሣሪያው ይጮኻል።

ምን እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጠላት አገራችን የገባ ጊዜ የደብራችን ካህናት ደወሉንና የብር ጽዋውን ቀብረው ነበር። የቀበሩት ሰዎች በዚያው ጦርነት አለቁ፤ ቦታውን የሚያውቅ አልተረፈም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ካህናትም ሕዝቡን ለቅዳሴ የሚጠሩት የተንጠለጠለ ድንጋይ እየመቱ ነበር።

ሰውዬው ፍለጋውን በጀመረ ማግስት መሣሪያው ድምፁ ጠፋ። እኛ ከሱቅ የራዲዮ ድንጋይ ገዝቶ ለምን አይከትበትም ብለን ነበር። የእሱ ባትሪ ግን ሌላ ነው አሉ፤ ሲያልቅ አይጣልም፣ ኤሌክትሪክ ካገኘ እንደገና ይሞላል። ይሞላ የነበረው ከመኪናው ነው፤ መኪናው ደግሞ ሩቅ ነው። በአርብ ገበያ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌ ለመብራት ብሎ ከሞተራችን ጋር ያስገጠመው ዲናሞ።

ባትሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። "እትዬ፣ ይህን ይሙሉልኝ" አለኝ።

"ዕቃው ከተገኘ በኋላ ወዴት ይሄዳል?" አልኩት።

"ወደ አዲስ አበባ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ያየዋል።"

"እኛስ?"

"እናንተም መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።"

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከእነሱ ውስጥ ደብረ ታቦርን እንኳ ያየች አልነበረችም። "አልሞላም" አልኩትና ወደ እህሌ ዞርኩ።

በነጋታው የወረዳው ምስለኔ አስጠራኝ። የንጉሡ ሹም ነውና ነጠላዬን አደግድጌ ቆምኩ። እንግዳው አጠገቡ ተቀምጧል።

"አንቺ ሴትዮ፣ የመንግሥት ሥራ ነው የምታሰናክዪው" አለኝ ምስለኔው።

"ጌታዬ፣ የመንግሥት ሥራ ከሆነ መንግሥት ሞተር ይላክለት። ይሄ የእኔ ነው።"

"ወፍጮሽን አስቆልፈዋለሁ።"

"ያስቆልፉት። ለዓርብ ገበያተኛ ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።"

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ያን ቀን ዘበኛ መጥቶ በሩ ላይ ጋን የሚያህል ቁልፍ አንጠለጠለበት፤ መክፈቻውን ይዞ ሄደ።

ዓርብ ደረሰ። ሰው ከየቆላው ከየደጋው እህሉን በአህያ ጭኖ መጣ። እኔ በተቆለፈው በር ሥር ተቀምጬ እንዝርቴን እያሾርኩ ጥጥ እፈትላለሁ። "ዛሬ አይፈጭም ወይ?" ለሚለኝ ሁሉ፣ "መክፈቻው ምስለኔው ዘንድ ነው" እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሰዉም አህያውን እየነዳ ወደ ምስለኔው ግቢ አቀና። ጆንያውን ከደጁ አራገፈ። አህዮቹ የግቢውን የገለባ ክምር ይግጡ ጀመር። አንዲት የቆላ ሴት ምስለኔውን ፊት ለፊት፣ "እንግዲያውስ እርስዎ ይፍጩልን፤ እኛ እንጠብቃለን" አለችው ብለው ነገሩኝ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ያው ዘበኛ መጥቶ በሩን ከፈተ። ፊቴን ሳያይ ሄደ።

አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት የደብሩ ገበዝ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅኋቸው።

"ልጄ፣ ባትሪውን ሙይለት" አሉኝ።

"አባቴ፣ እርስዎም?"

"እኔ ያን ደወል በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ካህን ከሆንኩ ጀምሮ ስፈልገው ኖርኩ፤ መቆፈሪያ ያላሳረፍኩበት ቦታ የለም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ዳግመኛ ወደዚህ አገር ይመጣል ብለሽ ነው? ሰውዬው ያግኝልን። ማስወሰዱና አለማስወሰዱ የእኛ ፈንታ ነው።"

ብዙ አሰብኩ። እምቢታዬን ወድጄው ነበር፤ መተው ከበደኝ። በመጨረሻ ሰውዬውን አስጠርቼ፣ "ምእመናኑ ካልፈቀዱ ዕቃው ከደብሩ እንደማይወጣ በሕዝብ ፊት ቃልዎን ይስጡ፤ ያኔ እሞላለሁ" አልኩት። ጥቂት አመነታ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ ገበዙ መስቀላቸውን እንደ ያዙ፣ ቃሉን ሰጠ።

ባትሪውን ሰኞ የሰዉን ገብስ እየፈጨሁ ሞላሁት። ሽቦውን ከዲናሞው ጋር ያያያዘው እሱ ነው። ዱቄት ካፖርቱን አነጣው፤ ሴቶቹ ሲስቁበት እሱም ሳቀ። ማክሰኞ ጠዋት መሣሪያውን ይዞ ወደ ደብሩ ሲወጣ አርብ ገበያ ቤቱን ዘግቶ ተከተለው።

መሣሪያው ከቅጥሩ ውጭ ካለ ወይራ ሥር ጮኸ። ወንዶቹ ቆፈሩ። መጀመሪያ የወጣው የደረቀ ቁርበት ነው። ወንድሟ ከቀበሩት ካህናት አንዱ የነበረ አሮጊት ቀርባ ቁርበቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። "ይሄ ወንድሜ ይተኛበት የነበረ ነው" አለች። ቁርበቱ ሲፈታ ደወሉ አለ፤ በደወሉ ሆድ ውስጥ ጽዋው።

ያን ጊዜ ምስለኔው በሰዉ መካከል አልፎ መጣና፣ "በሉ፣ በበቅሎ ጫኑ" አለ።

እንግዳው መሬት መሬት ያያል። እኔ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። "ቃልዎ ወዴት ሄደ?" አልኩት። ድምፄ ከፍ አላለም። ከኋላዬ ሴቶቹ በቅሎ የምትወጣበት መንገድ ላይ አንድ በአንድ ተቀመጡ። አሮጊቷ ቁርበቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀመጠች።

ሰውዬው ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። "አይጫንም" አለ ምስለኔውን። "ቃል ሰጥቻለሁ። ፎቶግራፍ አንሥቼ እሄዳለሁ።"

"እኔስ ለበላይ ምን ልበል?"

"ባትሪው አለቀበት ይበሉ።"

ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ለገበዙ አስረክቦ ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊወስድብን የመጣ ነበር፣ ተመለሰ።

ምስለኔው ግን አልረሳም። ዘበኛ እየላከ ናፍጣሽ ያሸታል፣ ጭስሽ መንገደኛ ያውካል እያለ ዓመቱን ሙሉ ሰላም ነሣኝ። እኔም በሬን ከፍቼ ፈጨሁ። ሐምሌ ላይ ዝናብ በሚያወርድበት አንድ ቀን አሽከሮቹ አራት ጆንያ ጤፍ ጭነው መጡ። ወፍጮ ቤቱ ሰው ሞልቶታል።

"የምስለኔው እህል ነው፤ ይቅደም" አሉኝ።

"ከኋላ ይሰለፍ" አልኳቸው።

ተሰለፉ።