ተቀመጪ እስኪሉኝ

እኔ ቅናተኛ ሰው ነኝ፤ ከመጀመሪያው ልናገረው። እህቴ አዲስ መኪና ስትገዛ እልል ብዬ ደስታዬን ገልጬላት፣ ቤቴ ገብቼ ያኮረፍኩ ሰው ነኝ። አሁን የማወራችሁን ቅናት ግን ስናገር ሰው አያምነኝም።

ስልኮቻችን ገና ታጣፊ በነበሩበት ዘመን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በጠዋት እየነዳሁ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የገበያ አዳራሽ አጠገብ፣ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ መድኃኒት ማስዋጥ ነው ሥራዬ። ሴትዮዋ ተወልደው ያደጉት ኬንያ፣ አባታቸው የሻይ እርሻ ላይ ነው። አገሩ ነፃ ከወጣ በኋላ አሜሪካዊ አግብተው እዚህ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መስኮቱ አጠገብ ሁለት ወንበሮች ትይዩ ነበሩ፤ አንዱ ላይ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ ሌላው ባዶ ነው።

እዚያ ባዶ ወንበር ላይ መቀመጥ እፈልግ ነበር። ደክሞኝ እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋን ወደድኳቸው፤ እንዲወዱኝም ፈለግሁ። ግን እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ፊት ቁጭ በይ ሳይባል አይቀመጥም። እኛ ጋ ችግር የለውም፤ ገና ከደጃፍ ሳትገቢ ቁጭ በይ ይሉሻል፣ እምቢ ካልሽም ይቆጡሻል። ስለዚህ ሻዩን በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ አቀብላቸውና ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ። "አመሰግናለሁ" ይሉኛል በጨዋ ደንብ። ተቀመጪ ግን የለም። እንደቆምኩ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ። አንዳንዴ አገሬ ቅኝ ተገዝታ እንደማታውቅ እነግራቸዋለሁ። "ጎሽ" ይሉኛል፣ ጥርስ ያበቀለ ሕፃን የሚያሞግሱ ይመስል።

ከዚያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለማንሳት ሁለት ሰው ስላስፈለገ የቀጠረኝ ኤጀንሲ አንዲት ኬንያዊት ጨመረልኝ። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ገባች፣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች፣ ያ ባዶ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ጫማዋንም አወለቀች። ሴትዮዋን በስማቸው ጠርታ በስዋሂሊ አንድ ነገር አለቻቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወዲያ፣ በእንግሊዝኛም ሲያወሩ፣ ወሬያቸው ሁሉ እርሻው ሆነ። ለእኔ አንድም ቀን ያልነገሩኝን ለእሷ ዘረገፉት። እዚያ ቤት ማን እስከ የት እንደሚገባ የታወቀ ነበር፤ ህንዱ የሒሳብ ሠራተኛ እስከ በረንዳው፣ ወጥ ሠሪው በጓሮ በር፣ ሻይ ለቃሚዎቹ ከአጥሩ ወዲያ። ነፃነቱ ሊመጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ምሽት፣ ወጥ ሠሪው ሾርባውን አቅርቦ እንደ ወትሮው ግድግዳው ሥር አልቆመም። ወንበር ስቦ ከነሱ ጋር ገበታ ቀረበ።

"እናቴ አባቴን አየችው" አሉ ሴትዮዋ። "አባቴ ዳቦውን ገፋ አደረገለት። አገሩ ከእጃችን መውጣቱ የገባኝ ያን ለታ ነው።"

"የኔም አባት የፈረንጅ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር" አለች ልጅቷ። "እሱ ግን አልደፈረም። ዛሬም ድረስ ልጆቹ ቤት ሲመጣ ዞሮ በጓሮ በር ነው የሚገባው።"

ሴትዮዋ እጇን ያዙ። ሁለቱም አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ቅኝ በመገዛቷ ቀናሁባት! እንዲህ ያለ ቅናት ተሰምቶ ያውቃል? ያ አባቷን በጓሮ ያስገባ ዓለም ለሁለቱ የጋራ አገር ሆኖላቸዋል፤ እኔ ኩሩዋ የማወራው አጥቼ ብርጭቆ አጥባለሁ።

ከሥራ ስወጣ ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ኤጀንሲው ጋ ኮል አድርጊና ሺፍትሽን ቼንጅ ያድርጉልሽ" አለችኝ።

"ለምን ብዬ? እሷን ይቀይሯት!"

"ቀንተሽ ነው እንጂ ምን አደረገችሽ? ወንበር አየች፣ ተቀመጠች። አንቺም ተቀመጪ፣ ማን ያዘሽ?"

"ሳይሉኝ?"

"እንደዛ ጎንበስ ቀና ስትዪ እኮ የአባታቸውን ቤት አሽከር ነው የምትመስያቸው!"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ አክብሮት! መንገዱን ሙሉ እህቴን ስሰድብ ነዳሁ። ቤቴ ስደርስ ግን እውነቷን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ሴትዮዋ ዎከር ተደግፈው መራመድ ሲጀምሩ፣ ኬንያዊቷ ኮሌጅ ፓርክ፣ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ፈተና ነበረባትና አንድ ቀን ቀረች። ቀኔ ዛሬ ነው አልኩ። ሻዩን አቀበልኳቸው፤ በአንድ እጄ። ከዚያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሲኒውን አስቀምጠው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ምነው፣ አሞሻል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ትንሽ ራሴን" ብዬ ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" አሉ።

ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ያቺ ልጅ ነገ ትመጣለች?" አሉኝ።